ሸለቆው ሁሉ የሰማው ምክክር

በታኬት ክሪክ ሸለቆ ምሥጢር መጠበቅ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከሸለቆው መውጣት አለበት። የኬንታኪ ተራሮች የሞባይል ኔትወርክ አያስገቡም፤ ሰው ዘመዱን በሞባይል ለማግኘት ጋራው ጫፍ ድረስ ይነዳል። ወሬ ግን መንገድ አያጣም። በየወጥ ቤቱ፣ ከዱቄቱ ጣሳ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ሬዲዮ አለች። ዘፈን አታሰማም። የምታሰማው የእሳት አደጋውን፣ የፖሊሱንና የአምቡላንሱን የጥሪ ንግግር ነው፤ ትሰማለች እንጂ መልሳ አትናገርም። ሰዉ ቦሎቄውን እየቀቀለ ማን ከደረጃ እንደወደቀ፣ የማን ላም መንገድ ዘግታ እንደተኛች፣ የማን ልብ እንደደከመ ይሰማል። አምቡላንሱ ሳይደርስ ጎረቤት ምግብ ይዞ ይደርሳል። ወሬኞች ናቸው ብሎ የሚሰድበን አይጠፋም። ይስደበን። ቤቱ የተቃጠለ ቀን ባልዲ ይዞ የሚደርስለት ይኸው ወሬኛ ነው።

ዴልፊያ ስታምፐር ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ከዚያች ሬዲዮ የሚወጣው ድምፅ ግማሹ የእሷ ነውና። የአምቡላንስ ቁጥር ሁለት ባለሙያ ናት። ትከሻዋ ሰፊ ነው፣ ሳቋ ከጋራ ጋራ ይሰማል፣ በሽተኛ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ አንድም ቀን አንሸራቷት አያውቅም። ቀን እየሠራች ማታ ማታ እየተማረች፣ አንዱን ኮርስ ዛሬ ሌላውን የዛሬ ዓመት እያለች፣ ዲግሪዋን ከያዘች ከርማለች። ባለፈው ጸደይ ደግሞ ለማንም ሳትናገር የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያውን ትልቅ ፈተና ተፈተነች። ውጤቷ ደረት የሚያስነፋም አንገት የሚያስደፋም አልነበረም። ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ፈልጋ አታውቅም።

እናቷ ኔቫ ድልድዩ ሥር ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው በማበጠሪያና በመቀስ ነው። የዴልፊያ ፀጉር ገና ሁለት ጎን ይጎነጎን ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ፣ ኔቫ ስታበጥራት አንድ ነገር ደጋግማ ትላት ነበር። "ሂጂ፤ ወደኋላም እንዳታዪ።" ኔቫ ራሷ በወጣትነቷ ልትሄድ ሻንጣ ከገዛች በኋላ እናቷ ታመመችባትና ቀረች። ያ ሰማያዊ ሻንጣ ዛሬም አለ፤ ፀጉር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቢጎዲን ይጠራቀምበታል።

ስሕተቱ የተፈጸመው በጁላይ ወር፣ አስፋልቱ ጫማ ላይ በሚጣበቅበት ከሰዓት ነው። ቁጥር ሁለት ከነዳጅ ማደያው ዛፍ ሥር ቆማ ጥሪ ትጠብቃለች። ሹፌሩ ቨርጂል፣ ጡረታው የደረሰ፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ ሰው፣ በዳቦ መሀል የተጠበሰ ሞርታዴላ እየበላ ነው። የሬዲዮው መነጋገሪያ ከመስቀያው ወርዶ ወንበሩ ላይ ነበርና ቨርጂል ሳያየው ተቀመጠበት። ቨርጂል ደግሞ ከተቀመጠ ተቀመጠ ነው። ቁልፉ ተጫነ፤ መስመሩ ተከፈተ፤ ሸለቆው ሁሉ ጆሮውን አቆመ።

"በል ስማኝ" አለችው ዴልፊያ። "ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ እንደ ሰው ሁሉ ለሃያ ትምህርት ቤት አመልክቼ፣ ማን ይጠራኝ ይሆን እያልኩ ዓመቱን ሙሉ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ኦገስት ሳይገባ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አመልክቼ 'ከተቀበላችሁኝ የእናንተ ነኝ፣ ሌላ በር አላንኳኳም' ማለት ነው። እነሱም ኦክቶበር ሳይገባ ቁርጡን ይነግሩኛል።"

"ታዲያ ምን ቸገረሽ? ቁርጡን ማወቅ ጥሩ ነው።"

"እምቢ ካሉኝስ? እስከዚያ ድረስ ሌላ ቦታ ማመልከት አልችልም። እነሱ እምቢ ሲሉኝ ሌላው ቦታ ግማሹ ሞልቶ ይጠብቀኛል። አንድ ዓመቴን ውሃ በላው ማለት ነው።"

"እንግዲያው ለሃያው አመልክቺያ!"

"ሃያውን አልፈልጋቸውማ!" አለች ዴልፊያ ዳሽቦርዱን በመዳፏ እየመታች። "አንዱን ነው የምፈልገው። የራሳችንን። ሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ለተራራ ሰው የሚሆን ሐኪም ነው የሚያወጡት። ተምሬ እዚሁ መመለስ ነው የምፈልገው። አምቡላንስ ሲደርስ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ የምትቀበለው ሰው እኔ ብሆን ነው ደስ የሚለኝ።"

"ፓስተር ኢርቪንን አማክሪያቸው።"

"ቦሎቄ መቀቀል ያቃተው ሰው የእኔን ኑሮ ሊያበስልልኝ? ባለፈው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ራት ላይ የበላሁት ቦሎቄው እስካሁን ሆዴ ውስጥ ድንጋይ ነው።"

ቨርጂል ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ይበልጥ ተደላደለ። "አክስት ኦፓልን ጠይቂያቸው እንግዲያ። ነገ ደረቴን አመመኝ ብለው አምቡላንስ መጥራታቸው አይቀርም።"

"የእሳቸው ደረት ከአንተ ደረት ይሻላል። ሰው ነው የሚናፍቃቸው። እኔም እንደማላውቅ ሆኜ ልባቸውን አዳምጥና፣ ከኬካቸው በልቼ እመጣለሁ። እሳቸውን ነው ጥዬ የምሄደው?"

"ይህን ሁሉ ለእናትሽ ነግረሻታል?"

"አልቻልኩም፣ ቨርጂል" አለች ዴልፊያ። "ዕድሜዋን ሙሉ ሂጂ፣ አትመለሺ ስትለኝ ነው የኖረችው። እመለሳለሁ ብላት ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ቀረ የምትል ይመስለኛል። ስለ እሷ ፈርቼ ነው ለሃያው የማመለክተው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።"

በዚህ መሀል የፖሊስ መኪና ጎማው እየጮኸ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ወጣቱ ምክትል ሸሪፍ ከሳቁ ብዛት ዐይኑ እንባ አቅርሯል። "ቨርጂል፣ በእግዚአብሔር፣ ከተቀመጥክበት ተነሳ!" አለ። "ማዕከሉ ሊጠራችሁ ሞክሮ ሞክሮ አቃተው። አገር ሁሉ እየሰማችሁ ነው።"

ቨርጂል ብድግ ሲል መነጋገሪያው ጠቅ አለ። ወዲያው የጥሪ ማዕከሏ ዊልማ ድምፅ መጣ። ዊልማ ጎርፍ ሲመጣም ቤት ሲቃጠልም በአንድ ዓይነት ድምፅ የምትናገር ሴት ናት። "ቁጥር ሁለት፣ ይህ መስመር ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ ነው። ማዕከል ጨርሷል።" ዴልፊያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት አትጠላም ነበር።

በኋላ እንደተነገራት፣ በዚያች ሰዓት ኔቫ ፀጉር ቤት ውስጥ ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች የሬዲዮው ድምፅ እንዳይሸፈንባቸው ካስካቸውን አስጠፍተው ነበር። አክስት ኦፓልም አንዷ ነበሩ። ሰማንያን የተሻገሩ፣ የማንም አክስት ያልሆኑ፣ ግን ሁሉም አክስት የሚላቸው ሴት። ሰው ነው የሚናፍቃቸው ሲባል ሰምተው "እውነቷን ነው" አሉ እንጂ አልተቀየሙም። ኔቫ ግን ማበጠሪያዋን አስቀምጣ፣ ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ደርቆ ያልተሰበሰበ አንድም ፎጣ ሳይኖር ፎጣ ስትሰበስብ ቆየች።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። ሸለቆው ለሁለት ተከፈለ፤ "አንድ" የሚሉና "ሃያ" የሚሉ። ዴልፊያ ነዳጅ ስትቀዳ የማደያው ባለቤት መስኮቱን ከፍቶ "ሃያ ነው የሚያዋጣሽ!" ይላታል። ወተት ልትገዛ ስትገባ ሻጯ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ፤ አንዱን ያዢ" ትላታለች። እግሩ የተሰበረ እንጨት ቆራጭ ቃሬዛ ላይ አስተኝታ ኦክስጅን ስታደርግለት፣ ጭንብሉን ከአፉ ከፍ አድርጎ "አንድ" አለና መልሶ አደረገው። ፓስተር ኢርቪን ሳይቀሩ እሑድ መድረክ ላይ ቆመው፣ "በዚህ ሸለቆ ኃጢአቷን በአደባባይ የተናዘዘች የመጀመሪያዋ ሴት እህታችን ዴልፊያ ናት፤ ስለ ቦሎቄዬ የተናገረችውንም ይቅር ብያታለሁ" ሲሉ ምእመኑ በሳቅ ወለሉን ደበደበ። ዴልፊያም መሳቋ አልቀረም። እንዲህ ተሰድቦ እንዲህ የሚወድድ ሰው የት ይገኛል?

የማትስቀው ኔቫ ብቻ ነበረች። ራት ታቀርባለች፣ ሳህኑን ግን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ድምፅ ታሰማበታለች፤ ዴልፊያ "እማዬ" ስትላት "ብዪ፣ ይቀዘቅዛል" ትላታለች።

የመመለሻ እሑድ ደረሰ። በየዓመቱ ጁላይ ሲያልቅ፣ ሥራ ፍለጋ ኦሃዮና ሚሺጋን የወጡት ሁሉ መኪናቸውን አሳጥበው ይመጣሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ የዶሮ ጥብሱ፣ የድንች ሰላጣው፣ የበቆሎ ዳቦው ይደረደራል። ኔቫ ይህን ቀን ትወድደዋለች። የሄዱትን ስታይ ዐይኗ ይበራል። ልጇን ይዛ መሀላቸው አስቀመጠቻትና "በሉ ንገሯት እስቲ" አለች።

ከዴይተን የመጣው የአጎቷ ልጅ፣ ኦርቪል፣ ሰዓቱን እያሳየ ጀመረ። "ሃያ ነው፣ ዴልፊ። ሃያም ያንስሻል። እዚህ ምን አለ? አንድ መብራት ያለው መንገድ።" እንዲህ እያለ የፓስተሩን ቦሎቄ ሁለተኛ ሳህን ጨረሰ፤ ሦስተኛም ሊያነሳ ተነሳ።

"ኦርቪል፣ ያንን ቦሎቄ ወድደኸው ነው?" አለችው ዴልፊያ።

"ይኸማ አይበላም፤ እንደ ድሮው ጥሬ ነው" አለ ኦርቪል፣ ማንኪያውን ሳያቆም። "እዚያ ሆኜ ግን ዓመቱን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የምከርመው።"

ዴልፊያ ወደ እናቷ አየች። ኔቫ ተነስታ ወደ መኪናዎቹ ሄደች፤ ልጅቷም ተከተለቻት።

"እማዬ፣ አንድ ነገር በይኝ። ስደቢኝም ቢሆን።"

"ምን ልበልሽ? ለእኔ ያልነገርሽኝን ለሸለቆው ነግረሽው።"

"ቨርጂል ተቀምጦበት ነው እንጂ—"

"ቨርጂል ባይቀመጥበት መቼ ልትነግሪኝ ነበር?" ኔቫ የመኪናውን ጣሪያ ያዘች። "እኔ አንቺን ያሳደግኩሽ እንድትሄጂ ነው።"

"እሄዳለሁ እኮ። መመለሴ ነው የከፋሽ?"

"የሄደ ሰው አይመለስም፣ ልጄ። እመለሳለሁ የሚል ሰው ገና ከወዲሁ ሳይሄድ የቀረ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።" ይህን ብላ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፤ ዴልፊያ መኪናዎቹ መሀል ቆማ ቀረች። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ደፍ ላይ ነበር። ለአንዱ ብታመለክት ያለ እናቷ ምርቃት መሄዷ ነው፤ ለሃያው ብታመለክት ራሷን ዋሽታ መሄዷ ነው። እንዲህ ሁለት ልብ ሆና አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት የዊልማ ድምፅ መጣ። "ቁጥር ሁለት፣ ኔቫ ፀጉር ቤት፣ ሴት፣ ሰማንያ ሁለት ዓመት፣ ራሷን ስታለች።"

ዴልፊያ ስትገባ አክስት ኦፓል ወንበሩ ላይ ተዝለፍልፈው፣ ግማሽ ራሳቸው ቡናማ ቀለም ተቀብቶ፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ አገኘቻቸው። ኔቫ ደግፋቸዋለች። ዴልፊያ ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን አየች፤ ስኳራቸው ወርዷል። የስኳር መድኃኒታቸውን ወስደው፣ ለፀጉራቸው ቀጠሮ ቸኩለው ቁርስ ሳይበሉ ወጥተዋል። ደም ሥራቸውን ፈልጋ አገኘች፤ ግሉኮሱን ሰጠች፤ ከቨርጂል ጋር ቃሬዛው ላይ አደረጓቸው።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ኔቫ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ።

"እማዬ፣ ቦታ የለም።"

"ቀለሙ ራሷ ላይ ነው ያለው! ካልታጠበ ጭንቅላቷን ያቃጥላታል፣ ፀጉሯም ይረግፋል። አንቺ ደሟን ትይዣለሽ፣ እኔ ፀጉሯን እይዛለሁ። ጠጋ በይ ወደዚያ!"

ቨርጂል ሳቁን ዋጥ አድርጎ በሩን ከኋላቸው ዘጋ። ቁጥር ሁለት ጋራውን እያቃሰተች ትወጣ ጀመር። በግራ በኩል ዴልፊያ ክንዳቸውን ይዛ፣ ልባቸውን እያዳመጠች፣ ስማቸውን እየጠራች። በቀኝ በኩል ኔቫ ተንበርክካ፣ የትውከት መቀበያውን ሳህን አንገታቸው ሥር አድርጋ፣ የቁስል ማጠቢያውን ውሃ በጠርሙስ በጠርሙስ እያፈሰሰች። መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል ሁለቱም አብረው ያዘነብላሉ፤ አንዴ የኔቫ እጅ ሲያዳልጣት የዴልፊያ እጅ ያዛት። ኔቫ ያን ጊዜ ቀና ብላ ልጇን አየች። የልጇን ድምፅ በዚያች ሬዲዮ ስትሰማ ነው የኖረችው፤ ሌሊት ጥሪ ሲኖር ድምፅዋ እስኪመለስ አትተኛም ነበር። እጇ ሲሠራ ግን አይታው አታውቅም። ሰፊው እጅ አሮጊቷን የያዘበት አያያዝ ኔቫ ራሷ የሕፃን ፀጉር ስትቆርጥ የምትይዝበት አያያዝ ነበር፤ ሳያስፈራ ያጸናል።

አክስት ኦፓል ዐይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ዴልፊያን አዩ፣ ቀጥሎ ጓንት ያደረገችውን ኔቫን። "ሞቼ ነው?" አሉ።

"አልሞቱም፣ አክስት ኦፓል። ስኳርዎ ወርዶ ነው። ዛሬስ እውነተኛ ምክንያት አግኝተዋል።"

"ፀጉሬስ?"

"ግማሹ ተርፏል" አለች ኔቫ።

"እንግዲያው አልሞትም፤ ግማሽ ራስ ይዤ ምን ብዬ እቀበራለሁ?" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና የዴልፊያን እጅ ጨበጡ። "ድምፄን አልሰጠሁም እኮ እስካሁን። አንድ ነው የኔ። አንድ።" ከፊት ሆኖ ቨርጂል ጡሩምባውን ነፋ፤ እሱም የአንድ ወገን ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበላቸው ሐኪም ወጣት ነው፤ ደግ ፊት ያለው፣ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ። አክስት ኦፓልን አጎንብሶ አናገራቸው፣ ግማሽ ቡናማ ፀጉራቸውን አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስማቸውን ጠየቀ፣ ዕድሜያቸውን ጠየቀ፣ ከማን ጋር እንደሚኖሩ ጠየቀ።

"ላለፈው ወሯ ሐኪም ነግሬያት ነበርኮ" አሉ አክስት ኦፓል። "የት ሄደች?"

"ጊዜዋ አልቆ ነው፣ እማማ። እኔም የዚህ ወር ተተኪ ነኝ።"

"አንተስ ከዚያ የት ትሄዳለህ?"

"ወደሚልኩኝ" አለ ልጁ ፈገግ ብሎ። በፈገግታው ውስጥ ድካም ነበረበት። አክስት ኦፓል ጉንጩን ቸብ ቸብ አደረጉትና፣ ከመሄድህ በፊት መጥተህ ኬክ ይዘህ ሂድ አሉት።

ሲመለሱ ኔቫ ከልጇ ጎን ከፊት ተቀመጠች። ጋራው ጫፍ ደረሱ።

"የዚያ ልጅ እናት የት ናት?" አለች ኔቫ።

"የማን?"

"የሐኪሙ።"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ?"

"እሷም ሂድ፣ ወደኋላም አትይ ብላው ይሆናል።" ኔቫ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ ጣሪያዎቹ አየች። "እኛ የራሳችንን ልጆች እንልካለን፤ የሰው ልጅ ደግሞ በወር በወር ይላክልናል። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይኸ?"

ዴልፊያ ወደ እናቷ ዞረች። "ባይቀበሉኝስ?" አለች። ከዚህ በፊት ጮክ ብላ ያላለችው ይህን ነበር፤ በእናቷ ስታመካኝ ከርማ፣ እናቷ ከመንገድ ስትነሳ የራሷ ፍርሃት ብቻውን ቆሞ አገኘችው። "አገር ሁሉ እያወቀ ባይቀበሉኝስ?"

"ባይቀበሉሽማ ሸለቆው ሁሉ ይሰማል። ሰምቶም ምግብ ይዞልሽ ይመጣል። የኢርቪንን ቦሎቄ ለውሻ እንሰጠዋለን።" ኔቫ የልጇን ጉልበት መታ አደረገች። "ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ። ያንቺን ዛፍ አውቀሽዋል። ውጪ፤ ግን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው።"

"ይኸ የእኔ ውሳኔ ነው ወይስ የአንቺ?"

"ያንቺማ ነው። እኔ ምን አገባኝ? እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ!"

ዴልፊያ ሳቀች፣ ሳቋ ጋራውን መታው። በማግስቱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ፣ በኔቫ ኮምፒዩተር ላይ፣ ለአንዱ ብቻ አመለከተች። የመጨረሻዋን ቁልፍ ስትጫን ካስክ ሥር የነበሩት ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። የሃያ ወገኖችም ተሸነፍን ብለው ኬክ ላኩ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጥበቃ አታንሡት። ለቃለ መጠይቅ ሄዳ የተመለሰች ቀን ሰዎች በረንዳቸው ላይ ወጥተው ፊቷን ሊያነብቡ ሞከሩ። ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ብለው ሲጠይቋት ስለ መነጋገሪያው ነግራቸው፣ ጠያቂዎቹ በሳቅ ተንፈራፍረው እንደነበር ግን ለኔቫ ብቻ ነገረቻት። ኔቫ ደግሞ ለአክስት ኦፓል ብቻ ነገረች። ከዚያ የሆነው ይታወቃል።

የተራራው ቅጠል መቅላት ጀምሮ ነበር። ቁጥር ሁለት በሽተኛ አድርሳ ባዶዋን ስትመለስ፣ ጋራው ጫፍ ላይ የዴልፊያ ስልክ ኔትወርክ ያዘና ተንቀጠቀጠ። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ቨርጂል ፊቷን አይቶ መኪናዋን ዳር አቆመ።

"ዴልፊ?"

በሩን ከፍታ ወርዳ ጮኸች። ዛፉ ላይ የነበሩት ቁራዎች በሙሉ ተነሱ። ቨርጂል ከነሆዱ ወርዶ አቀፋት፤ ሁለቱም መንገድ ዳር ቆመው እየሳቁ አለቀሱ። ከዚያ ወደ ፀጉር ቤቱ ደወለች። ተይዟል። ደግማ ደወለች። ተይዟል።

"አክስት ኦፓል ናቸው" አለች። "የእማዬን ስልክ ከያዙ እስኪመሽ አይለቁም።"

ቨርጂል መነጋገሪያውን ከመስቀያው አንሥቶ ሰጣት። "አሁን እንኳ አልተቀመጥኩበትም" አላት።

"ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?"

ዴልፊያ ቁልፉን ተጫነች። "ማዕከል፣ ቁጥር ሁለት።"

"ቁጥር ሁለት፣ ቀጥይ።"

"ተቀብለውኛል፣ ዊልማ።"

"ቁጥር ሁለት" አለች ዊልማ፣ "ይህ መስመር ለድንገተኛ ጥሪ ብቻ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ይቅርታ—"

"አልጨረስኩም። እባክሽ ድገሚው፤ ያልሰማ እንዳይኖር።"

"ተቀብለውኛል!" አለች ዴልፊያ፣ እየጮኸች።

ጋራውን ሲወርዱ የመጀመሪያው ቤት በረንዳ ላይ አንዲት ሴት ድስትና ጭልፋ ይዛ ወጥታ ትቀጠቅጣለች። ቀጥሎ ያለው ቤት የከባድ መኪናውን ጡሩምባ ይነፋል። እንጨት ቆራጩ በአንድ እግሩ ቆሞ ክራንቹን ያውለበልባል። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጀመረ፤ ፓስተር ኢርቪን እንደ ቦሎቄያቸው ደወላቸውም ልክ የለውም፣ ግን ማን ይሰማል። ዴልፊያ በመስኮት እጇን አውጥታ ስትስቅና ስታለቅስ ወረደች።

ድልድዩ ሳይደርሱ ሬዲዮው እንደገና ተናገረ። "ቁጥር ሁለት፣ ከኔቫ ፀጉር ቤት መልእክት አለሽ።"

"ቀጥይ፣ ማዕከል።"

"ቢጎዲኑን ከሻንጣው እያወጣሁ ነው ብላለች።" ዊልማ እንደ ሁልጊዜው ቃል በቃል ታነብባለች። "ሂጂ ብላለች።"

ዴልፊያ መነጋገሪያውን ደረቷ ላይ ያዘች።

"ደግሞም" አለች ዊልማ፣ በጎርፍም በእሳትም ተሰብሮ የማያውቀው ድምፅዋ ተሰበረ። "ስትጨርሺ ቶሎ ተመለሺ ብላለች።"

ለማዕከል መልእክት መልስ መስጠት ግዴታ ነው። ዴልፊያ ቁልፉን ተጭና "ደርሶኛል" አለች።